አጎቴ የጠጣው ሽሮፕ

ትናንት ንፋስ መውጫ ከተማ ለልጄ የታዘዘላትን የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ ስከፍት፣ የሙዝ ሽታው ወገዳ ወደነበረው የልጅነት ቤታችን መለሰኝ።

ጆሮዬ መግል ቋጥሮ ከበስተኋላው ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ፣ ገና ከሆስፒታል መመለሴ ነበር። ሐኪሙ እናቴን፣ «ቁስሉ የዳነ ቢመስልም ሽሮፑ ሳያልቅ እንዳታቋርጪባት» ብሏታል። ያባቴ ታላቅ ወንድም ሊጠይቀኝ መጣ። ጉሮሮውን ይከረክረው ነበርና ጠርሙሱን አንስቶ አሸተተው፤ ከዚያ እንደ ጠላ አንደቀደቀው።

«ኧረ ጋሼ፣ የልጅቱ መድኃኒት ነው!» አለች እናቴ።

«እሷማ ድናለች። ለሴት ልጅ ጆሮ ይሄ ሁሉ ምን ይሠራል?» ብሎ ጢሙን ጠረገ።

ሲወጣ እናቴ ባዶውን ጠርሙስ እንደያዘች፣ «ይሄ ሰው ጉሮሮ ብቻ ነው» አለች። እኔ ስለ ሕመሙ የምትናገር መስሎኝ አዘንኩለት።

ቁስሉ እንደገና መገለ። ሌላ መድኃኒት ተፈልጎ እስኪገኝ ቀኝ ጆሮዬ መስማት አቆመ። የእሱ ጉሮሮ ግን ዳነ። ዛሬም በየዝክሩ ከቄሶቹ ቀጥሎ ተቀምጦ ድምፁን እያሳመረ ይመርቃል። ቤቱ በሙሉ «አሜን» ሲል እኔ አፌን አልከፍትም። እሱም ወደኔ እያየ፣ «ምስኪን፣ አትሰማም እኮ» ይላል።