ሳያስቁ መዋሸት

ዳኛው አልተሸወደም ትላላችሁ? ተሸውዷል! የሸወድኩት ደግሞ እኔ ነኝ። «ቧንቧ ሠሪ ምን ያውቃል» የምትሉም ጆሮ ስጡኝ። ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ በውሸት ግን ፕሮፌሰር ነኝ።

ጨዋታውን ያወቅኩት ቦሌ አራብሳ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የአንድ ልጅ ቤት ቧንቧ ልጠግን ገብቼ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ጠረጴዛ ከበዋል። ሁሉም የየራሱን ሰው ፈጥሮ ወረቀት ላይ ጽፏል፤ አንዱ ወታደር፣ አንዱ ሌባ። የቤቱ ባለቤት ዳኛ ሆኖ ታሪኩን ያወራል፣ ሌላው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላል፣ ዳይስ ይጣላል፤ የወጣው ቁጥር ይፈርዳል። ቧንቧውን ጨርሼ ቁጭ አልኩ። ይኸው እስከዛሬ እሁድ ከሰዓት አልቀርም።

አንድ እሁድ ሽፍቶች ከበቡን። የዳኛው የአምስተኛ ፎቅ ጎረቤት፣ የጴንጤ ቤት ልጅ፣ የምትጫወተው ሐኪም ሆና ነው፤ ሐኪሟ እግሯን ተመታች። ሁለት ዓመት የለፋችባት ናት፤ ከሞተች ወረቀቷ ይቀደዳል፣ በቃ።

«እንሩጥ» አልኩ።

«ሩጡ» አለ ዳኛው፣ «ግን መራመድ ያልቻለ እዛው ይቀራል። ሕግ ነው።»

«ሂዱ በቃ፣ ተዉኝ» አለች። እርሳሷን አስቀመጠች።

የቀረን ማታለል ነው። ለማታለል እኛ ጋ ዳይስ አይጣልም፤ ውሸትህን ታወራለህ፣ ከጠረጴዛው አንድ ሰው ከሳቀ ሽፍቶቹ ነቁብህ ማለት ነው። እኔ ደግሞ «እንዴት ዋላችሁ» ስል እንኳን ሰው ይስቃል። ገና አፌን ሳልከፍት የወታደሩ ትከሻ ይንቀጠቀጣል።

«አንተ ባትሞክር ይሻላል፣ ወንድሜ» አለኝ ዳኛው።

ተነሳሁ። ኮፍያዬን አወለቅኩ።

«ወንድሞቼ» አልኳቸው ሽፍቶቹን፣ «ቃሬዛ ላይ ያለችው እህታችን ናት። ትላንት አረፈች። እናቷ ገና መርዶ አልሰማችም። ሳይመሽ አገሯ እናድርሳት፤ መንገድ ስጡን።»

ወታደሩ እንኳን አልሳቀም። ዳኛው አንገቱን ደፍቶ፣ «ነፍስ ይማር» አለ።

በገዛ አፉ!

«እኛ ቤት እንኳን ነፍስ ይማር አይባልም» አለች ልጅቷ።

«ዝም በይ አንቺ፣ ሬሳ አያወራም!»

ያኔ ወታደሩ ፈነዳ። ሳቁ ኮሪደር ድረስ ተሰማ።

«ተሳቀ! ተሳቀ!» ዳኛው ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ።

«ቆይ እንጂ! ነፍስ ይማር ካልክ በኋላ ነው የተሳቀው። ለቅሶ ደርሰህ ልትዘርፈን ነው?»

የጨዋታው ሕግ ያለበትን የእንግሊዝኛ መጽሐፉን አገላበጠ፣ አገላበጠ። ስለ ለቅሶ አንድ መስመር የለውም። ልጅቷ ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ ታየዋለች።

«ሽፍቶቹ ጠመንጃቸውን አዘቀዘቁ» አለ በመጨረሻ። «እለፉ።»

ሐኪሟ ዛሬም በሕይወት አለች፣ ወረቀቷም አልተቀደደም። አሁንም ውሸት ነው የምትሉ አራብሳ ውጡና ወታደሩን ጠይቁት፣ ልጅቷን ጠይቋት። ወንድ ከሆናችሁ ራሱን ዳኛውን ጠይቁት፤ ሲክድ ፊቱን እዩት።