ጥቁር ልብሴን ጅማ ትቼ

ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ ከጅማ ስነሳ የለበስኩት አረንጓዴ ቀሚስ የጎረቤቴ የዘሀራ ነበር። ባለቤቴ ከሞተ ሦስተኛ ወሩ ነው። ቺንግዳኦ በምትባል የቻይና የባሕር ዳር ከተማ የምትማረው ልጃችን ትዕግሥት ግን አልሰማችም። በወጋችን መርዶ በስልክ አይነገርምና በደወለች ቁጥር «አባትሽ ቡና ሊገዛ ከአጋሮ ወዲያ ገጠር ወርዷል፤ ኔትወርክ አያገኝም» እያልን ቆየን። አሁን «ለዕረፍት መጣሁ» ብዬ ሄጄ ፊት ለፊት ልነግራት ነው። ጥቁር ለብሼ ብታየኝ ገና ከሩቁ ታውቅብኛለች።

መናኸሪያ ድረስ የሸኙኝ ዘሀራና ታላቅ ወንድሜ ጋሽ ተክሌ ናቸው።

«መርዶ በአንድ ሰው ይነገራል እንዴ? ስትወድቅ ማን ይይዝልሻል?» አለች ዘሀራ።

«እዚያ ሐበሻ ፈልጊ» አለኝ ተክሌ። «በማለዳ፣ ቁርስ ሳትቀምስ ይሁን። አውቶቡስ ላይ ደግሞ አታልቅሺ፤ ዓይንሽ ያብጣል።»

«ቀሚሴንም ቻይና ሸጠሽው እንዳትመጪ» አለች ዘሀራ፤ ሦስታችንም ትንሽ ሳቅን።

የግቤን ቁልቁለት በጉም ውስጥ ወረድን። ወልቂጤ ላይ ተሳፋሪው ክትፎ ሲያዝ እኔ ሻይ ጠጣሁ። አላለቀስኩም። ከአዲስ አበባ ቤጂንግ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በባቡር። ባቡሩ ከጅማ አዲስ አበባ ያለውን ያህል መንገድ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጨርሶ አሁንም ይበራል።

ትዕግሥት ጣቢያው ላይ አቅፋኝ ቶሎ አልለቀቀችኝም።

«አባዬስ?»

«ገጠር ነው።»

ቀሚሴን አየችው። «ያምርብሻል» አለች።

ባሕሩ

በማግሥቱ ባሕር ዳር ወሰደችኝ። በዕድሜ እኔን የምታክል ሴት ከውኃው ስትወጣ ፊቷ ሁሉ በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ለዓይንና ለአፍ ብቻ ቀዳዳ አለው። የልጄን እጅ ይዤ ወደ ኋላ አልኩ።

«ሌባ አይደለችም፣ እማዬ። ፀሐይ እንዳያጠቁራት ነው።»

መንገድ ላይ ደግሞ አንድ ሻጭ ከበርሜል ቢራ ወደ ፌስታል ቀድቶ ሚዛን ላይ አንጠለጠለው።

«ቢራ በኪሎ?»

«የዚህ ከተማ ሰው እንዲህ ነው ወደ ቤቱ የሚወስደው። አሥር ዩዋን ነው፤ ያዢልኝ።»

አረፋ የሞላውን ፌስታል እንደ ሕፃን አቅፌ ተከተልኳት። ዳገቱ ላይ ቀይ ጣራ ያላቸው ቤቶች ተደርድረዋል፤ ሽማግሌዎች በራፋቸው ላይ ተቀምጠው የራሳቸውን ፌስታል ቢራ በቀሰም ይጠጣሉ። ትዕግሥት ትስቃለች። ዛሬ ትሳቅ፣ ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ሲነጋ ደግሞ ፈተና አለብኝ አለች፤ እሱን ትጨርስ አልኩ። ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ። አንድም ሐበሻ አልፈለግኩም።

አራተኛው ማለዳ

ገና ሲነጋ የበር ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። የልጄ ሳሎን ውስጥ የማላውቃቸው አምስት ሐበሾች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ነጠላ ዘቅዝቀዋል። ማንም «እንዴት አደሩ» አላለኝም። አንዱ ተነስቶ «እናቴ፣ ይቀመጡ» አለኝ። እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው ለምን እንደሚሰበሰብ አውቃለሁ፤ ሰባት አገር አቋርጬ የመጣሁት ይህንኑ ላደርግ ነው። እኔን ሊያረዱ ነው የመጡት።

«ማን ነው? ወንድሜ ነው? ንገሩኝ» አልኩ።

ትዕግሥት ጥቁር ለብሳ ከመኝታ ቤት ወጣችና አጠገቤ ተንበረከከች።

«ሌላ ማንም የለም፣ እማዬ። ለአባዬ ነው። አብረን እናልቅስ ብዬ ነው የጠራኋቸው።»

«ማን ነገረሽ?»

«አንቺ ነሽ። በሰኔ ምን ቡና ይገዛል? ዛፉ ላይ ገና ጥሬ ነው። የቡና ነጋዴ ልጅ መሆኔን ረሳሽው?»

ሠላሳ ዓመት ከቡና ነጋዴ ጋር ኖሬ ወቅቱ ጠፋብኝ።

«ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?»

«እንድትነግሪኝ እየጠበቅኩ። ብቻዬን አልቅሼ ስጨርስ እደውልልሽና እስቅልሽ ነበር።»

ያኔ ነው የጮህኩት። የያዘችኝ እሷ ናት።

ጅማ

ስመለስ መናኸሪያ የጠበቀችኝ ዘሀራ ብቻዋን ናት። «ተክሌ ኩላሊቱን ታሞ ከተኛ አምስት ቀኑ ነው፤ መንገድ ላይ እንዳትደነግጪ ብለን ነው ያልነገርንሽ» አለች። ከመናኸሪያ በቀጥታ በባጃጅ ሆስፒታል ሄድን። ተክሌ ከስቶ አልጋው ላይ ጠፍቷል። ገና ሳልቀመጥ «ለልጅቷ እንዳትነግሪያት፤ ትምህርቷን ትማር» አለኝ።

ስልኬ ጠራ።

«ደረስሽ፣ እማዬ? ጋሼስ ደህና ነው?»

ተክሌ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ከሐዘን ያዳንናት መስሎን ከለቅሶው ያስወጣናት እኛው ነን፤ ይህን ለማወቅ ባሕር ድረስ ሄጃለሁ።

«ደህና አይደለም። ኩላሊቱ ነው፤ ሆስፒታል ነን።»

ተክሌ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ይድናል?» አለች ልጄ።

«ገና አናውቅም።»

«እሺ። ስልኩን ለእሱ ስጪው።»

ጆሮው ላይ አስጠጋሁለት።