እግሩ የረዘመ ፍሬዛ

ከጓሮዬ ወርክሾፕ የተያዝኩት ከሰዓት በኋላ ይመስለኛል። ዝናብ እንደነበረ ግን አልጠራጠርም፤ በእንጅባራ ዝናብ ያልነበረበትን ቀን ማስታወስ ይበልጥ ይከብዳልና። በዚያ ሰሞን ብዙ ሰው በፖለቲካ ተጠርጥሮ ይወሰድ ነበር። የመጡት ሰዎች ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምሠራውን ማሽን ዞረው ተመለከቱት፤ ከባድ የብረት መደብ፣ በላዩ የቆሙ ሁለት እግሮች፣ በእግሮቹ ላይ የተጋደመ አግዳሚ። ብረት እየፋቀ ቅርጽ የሚያወጣ ፍሬዛ መሆኑን አስረዳሁ።

«የጠመንጃ ዕቃስ ያወጣል?» አለ አንዱ።

«ከብረት የሚሠራውን ሁሉ ያወጣል» አልኩ። በሙያው ረገድ ትክክለኛው መልስ ይኸው ነበር። ባለቤቴ ግን ያሳሰረህ ማሽኑ ሳይሆን ይህች ዓረፍተ ነገር ናት ትላለች።

የታሰርንበት ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ሽታው ዓይን ያስለቅስ ነበር፤ በየጥጉም ነጭ ብናኝ ቀርቶበታል። ከእስረኞቹ አጥርቼ የማስታውሰው በግራና በቀኜ የሚተኙትን ሁለቱን ነው። አንደኛው የዳንግላ ጨርቅ ነጋዴ፣ ረዥምና ቀጭን፣ መካ ሳይሄድ «ሐጂ» ያልነው ሙስሊም ነው። ሁለተኛው ከዘንገና በኩል ቀርከሃ እያመጣ የሚሸጥ ገበሬ፣ አጭርና ደንዳና፣ ሲቆጣ በአዊኛ፣ ሲያሾፍ በአማርኛ የሚናገር ሰው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም።

«አባቴ፣ እርስዎን እዚህ ማቆየት አልፈልግም» አለኝ። «ማሽኑ የማይሠራ ቁርጥራጭ ብረት ነው ብለው ቃልዎን ይስጡና ቤትዎ ይግቡ። ይህ ካልሆነ ጉዳዩ ወደ በላይ አካል ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚታይ እኔም አላውቅም።»

እስከ ማግስቱ እንዳስብበት ጊዜ ሰጠኝ። ተመልሼ ለሁለቱ ነገርኳቸው።

«ይበሉት እንጂ መምህር» አለ ሐጂ። «እኔ ሽፍታ መንገድ ላይ ሲያስቆመኝ የጫንኩትን ጨርቅ ተራ ቡትቶ ነው ብዬ አልፌያለሁ። ጨርቁ አልተቀየመኝም።»

ገበሬው ግን «ለመሆኑ ይሠራል?» ሲል ጠየቀኝ።

«ገና አላለቀም። ሲያልቅ ይሠራል።»

«እስቲ ያሳዩን።»

ሁለቱን ጎን ለጎን አቆምኳቸውና እግሮች ናችሁ አልኳቸው። የተጠቀለለ ሰሌን በትከሻቸው ላይ አጋደምኩ። ሰሌኑ ከሐጂ ትከሻ ወደ ገበሬው ተንሸራተተ፤ እግሮቹ እኩል ካልሆኑ በአግዳሚው የተያዘው መቁረጫ ጠማማ እንደሚሄድ ለማስረዳት ተመቸኝ። ሐጂን ጎንበስ በል ብዬ አስተካከልኩት። ቀጥሎ ሰሌኑ መሐሉ ላይ ረገበ።

«እውነተኛው አግዳሚ ውስጡ ባዶ የሆነ ወፍራም የብረት ቱቦ ነው» አልኩ።

«እንደ ቀርከሃ?»

«እንደ ቀርከሃ፤ ግን የማይለመጥ።»

«እንግዲያስ ከእኔ አይገዙም» አለ ገበሬው፣ ደንበኛ እንዳመለጠው ሰው አዝኖ።

መቁረጫው ብረት ሲነካ ብረቱም መልሶ እንደሚገፋው አስረዳሁና፣ ሐጂ ቀና እንዲል አድርጌ ሁለቱንም በመዳፌ ገፋኋቸው። ሐጂ እንደ ባሕር ዛፍ ተወዛወዘ። ገበሬው እግሩን ፈርከክ አድርጎ ቆሞ ነበርና ንቅንቅ አላለም።

«ፈረስ ላይ ያደገ ሰው በዚህ አይወድቅም» አለ።

«እኔስ ፈረሱን መስለኸኝ ነበር» አለ ሐጂ።

መጋዘኑ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን የሐጂን ረዣዥም እግሮች እያየሁ የራሴን ስህተት አገኘሁ። ትልቅ ብረት ከአግዳሚው ሥር እንዲገባ በመመኘት የማሽኔን እግሮች ያለልክ አስረዝሜ ነበር። በተገፋ ቁጥር አግዳሚው ይንቀጠቀጣል፤ ልኬቱም ይዛነፋል። ይህን ስናገር እስረኛው ሁሉ ከበበኝ። የቀረው የቀን ክፍል በሐሳብ እግሮቹን ስናሳጥር፣ ግርጌያቸውን ስናሰፋ አለቀ። እግሮቹ ከመደቡ ጋር ይበየዱ የሚሉና በቡሎን ይታሰሩ የሚሉ ሁለት ወገኖችም ተፈጠሩ። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ብረት እንደሚያጣምም አውቃለሁና ከቡሎኖቹ ወገን ሆንኩ። የዚያን ቀን ሳቅ በኋላ ያሳመርኩት እንዳይሆን እሰጋለሁ፤ ክርክሩ ግን በእርግጥ ነበረ።

በማግስቱ መርማሪው ብዕሩን አዘጋጅቶ ጠበቀኝ።

«ቁርጥራጭ ነው፤ አይደል አባቴ?»

«አይደለም። ጉድለት አለበት፤ እግሩ ረዝሟል። ሲያጥር ልኩን የሚጠብቅ ማሽን ይሆናል።»

«የሚያስፈታዎትን ቃል ነግሬዎት ነበር።»

«ሰምቻለሁ። የሚጽፉት የእኔን ቃል ከሆነ ግን ቃሌ ይህ ነው።»

ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። «እግሩ ረዝሟል የሚለውም ይጻፍ?»

«እርሱ በተለይ ይጻፍልኝ።»

ፈረምኩ። ስመለስ ሐጂ ፍራሹን ሳብ አድርጎ ቦታ ለቀቀልኝ። ገበሬው በአዊኛ ረጅም ነገር ተናገረ፤ ትርጉሙን ስጠይቀው «ለሽማግሌ አይተረጎምም» አለኝ።

ጉዳዬ እንደተባለው ወደ በላይ አካል ሄደ፤ የተፈታሁትም ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው። ስለ ማሽኑ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ዛሬ እግሩ አጥሮ፣ በቡሎን ታስሮ ለእህል ወፍጮዎች የማርሽ ጥርስ ያወጣል። ያንን ክረምት በአንድ ቃል ማትረፍ እችል እንደነበር አልክድም። ያቺን ቃል ማለት ያቃተኝ ከድፍረት ይሁን ከመምህርነት ግትርነት፣ እስካሁን አልለየሁትም። ቁርጥራጭ ነው ብዬ ቢሆን ኖሮም ማሽኑ መሥራቱ አይቀርም ነበር፤ ብረት ስለ ራሱ የተባለውን አይሰማም። እኔ ግን እሰማ ነበር።