የቁም ሳጥኑ ካልኩሌተር

ልጅ ሳለሁ፣ ዓርብ ራት ተበልቶ ሲያበቃ፣ እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ሳሎናችን፣ ሊያልቅ የደረሰው የሰንበት ሻማ ጢስ እየሸተተን አያቴን እንከባቸው ነበር። አያቴ ጎንደር እያሉ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ለአገሩ ገበሬ ማጭድና ማረሻ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ተረታቸውም ሁሉ ብረት ብረት ይሸት ነበር። አብልጠን የምንወደው ማጭድ ስለሌለው ሰውዬ የሚያወሩትን ነው። ሰውየው ማጭድ ሊያሠራ ሲነሣ ጎረቤቱ፣ «ምን አደከመህ፣ የኔን እየወሰድህ እጨድ» ይለዋል፤ እሱም መርቆት ይቀመጣል። ታዲያ የሁለቱም ገብስ በአንድ ቀን ይደርስና ሰማዩ ይጠቁራል። ጎረቤቱ በማጭዱ የራሱን ያጭዳል፣ ሰውየው በረዶው ሲወርድ ባዶ እጁን ማሳው ዳር ይቆማል። ያኔ እኛ በዚያ ሞኝ በሳቅ እንፈርስ ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ የሒሳብ አስተማሪያችን ተማሪው ሁሉ የየራሱን ካልኩሌተር እንዲይዝ አዘዘች። በወላጆች ቀን ግን እናቴን አየት አድርጋ፣ «ለእናንተ ልጆች ቁም ሳጥን ውስጥ አለን፣ አትቸገሪ» አለቻት። ለእናንተ ልጆች! እናቴ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ፋብሪካ የምትሠራ ሴት ናት፤ ካልኩሌተር መግዛት አያቅታትም ነበር፣ ትችይ እንደሆን ብሎ የጠየቃት ግን የለም። አስተማሪን እምቢ ማለት ደግሞ በእኛ ቤት ነውር ነው። አንገቷን ሰበር አድርጋ «ቶዳ ራባ» ብላ ወጣች። ያ ምስጋናዋ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ካልኩሌተሩ ትምህርት ሲጀመር ከቁም ሳጥኑ ይወጣል፣ ሲያልቅ ተመልሶ ይቆለፍበታል። ሌሎቹ የራሳቸውን ቤት ወስደው ቁልፉን ሁሉ እየነካኩ ሲለምዱት እኔ የቤት ሥራዬን በእጄ እታገላለሁ። በእጅ ማስላት አእምሮ ያጎብዛል የሚሉኝ ነበሩ፤ እስቲ ሳይን የሚባለውን ነገር በእጃቸው አስልተው ያሳዩኝ!

ከዚያ የምድብ ፈተና መጣ፤ ከፍተኛው የሒሳብ ክፍል ማን እንደሚገባ የሚለየው በእሱ ነው። እኔ መሐንዲስ ከመሆን ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ከቁም ሳጥኑ የደረሰኝን ካልኩሌተር ከእኔ በፊት የያዘው ልጅ የማዕዘን መለኪያውን ከዲግሪ ወደ ሌላ ቀይሮት ኖሯል። የሠላሳ ዲግሪ ሳይን ግማሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱ ግን ከዜሮ በታች ያሳየኛል። እጄን አወጣሁ።

«ሞራ፣ ማህሸቮኑ ተበላሽቷል» አልኳት አስተማሪዋን፣ ካልኩሌተሩን እያሳየሁ።

«አልተበላሸም፤ ረጋ ብለሽ ሞክሪ» ብላኝ አለፈች።

እውነቷን ነው፣ አልተበላሸም። የት ተነክቶ እንደሚመለስ የሚያውቀው ግን የራሱ ያለው ብቻ ነበር። ዝቅተኛው ክፍል ተመደብኩ። «ማቴማቲካ ለሁሉም ሰው አይደለም፣ ሐሙዳ» አለችኝ አስተማሪዋ እያቆላመጠች፣ ያውም ፀጉሬን እየዳበሰች።

በዚያው ሳምንት ዓርብ አያቴ ያንኑ ተረት ጀመሩ። ጎረቤቱ «ምን አደከመህ» ሲል ታናናሾቼ ከአሁኑ መሳቅ ጀመሩ፤ እኔ ግን ጮህኩ፤ «ሰውየው ሞኝ አይደለም! ጎረቤቱ ነው ክፉ!»

ሽማግሌ ሲያወራ ማቋረጥ በእኛ ዘንድ ታይቶ አይታወቅም። አያቴ ግን አልተቆጡም፤ «ምን አገኘሽ፣ ልጄ?» አሉኝ። እያለቀስኩ ነገርኳቸው። «እኔ ማጭድ ሠሪው ሰውዬ ባዶ እጅሽን ሰደድኩሽ!» አሉ። እሑድ እጄን ይዘው ሱቅ ወሰዱኝ።

ከዚያ ወዲያ ያንን ተረት ሲያወሩ በቤታችን የሳቀ የለም። እኔንም ወደ ከፍተኛው ክፍል የመለሰኝ የለም። ዛሬ ቢሮ እሠራለሁ፣ ደኅና ነኝ፤ መሐንዲስ ግን አይደለሁም። ማሳው ዳር የቆመው ሰውዬ አሁንም ፊቴ ድቅን ይላል፤ ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ዘንድሮ ካርሜ ጋት በሚባለው የከተማችን አዲስ ሰፈር፣ የልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ፣ ከአገር ከመጡ ብዙ ያልቆዩ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ወጣቷ አስተማሪ ዕብራይስጡን ቀስ አድርጋ፣ ፈገግ እያለች፣ «አንቺ ማህሸቮን አትግዢ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ አለን» አለቻቸው። ሴትዮዋ አንገታቸውን ሰበር አድርገው «ቶዳ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እጃቸውን ያዝኩ።

«እትዬ፣ አያመስግኗት» አልኳቸው በአማርኛ። «የትኛውን ዓይነት እንደሚገዙ ይጠይቋት።»