ሞተሩ ጠፍቷል?

የወጥ ቤታችን ቧንቧ መንዘር የጀመረው ክረምቱ ሲወጣ ነው። መጀመሪያ የጣቴን ጫፍ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀኝ። ድካም ነው አልኩ። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ስተይብ ውዬ፣ ከባጃጅ ወርጄ፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን ተሸክሜ ወጥቼ እጄ ቢደነዝዝ ምን ይገርማል? በማግስቱ ድስት ላለቅልቅ ስከፍተው ግን እስከ ክርኔ ድረስ ዘለቀኝ። ድስቱን ወርውሬ ወደ ኋላ ዘለልኩ። ልጄ ሳሎን ሆና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

እስኪገባኝ ጊዜ ወሰደብኝ እንጂ ነገሩ ግልጽ ነበር። ቧንቧው የሚነዝረው ውሃ ሲኖር ብቻ ነው። ውሃ የሚኖረው ደግሞ ጎረቤታችን ሐጂ የውሃ ሞተራቸውን ሲያስነሱ ብቻ ነው።

አሶሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ላልኖረ ግን ልንገረው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ ሲመጣም ጉልበት ስለሌለው ከምድር ቤት አያልፍም። በእኛ ሕንፃ ምድር ቤት የሚኖሩት ሐጂ ናቸው፤ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸውን በንግድ ያሳለፉ፣ ልጆቻቸው በየቦታው ተበትነው ብቻቸውን የቀሩ ሽማግሌ። ውሃው ሲመጣ ታንከራቸውን ይሞሉና በገዛ ገንዘባቸው በገዙት የውሃ ሞተር፣ ወደ ፎቅ በሚወጣው የብረት ቱቦ ይገፉልናል። ክፈሉ ብለውን አያውቁም። ሰደቃ ነው ይላሉ። ከዚያ ደረጃው ሥር ቆመው ወደ ላይ ይጣራሉ፤ ልጄ፣ ውሃ መጥቷል፣ ቶሎ ቅዳ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ለወንዱም ለሴቱም «ቅዳ» ነው። አንድ ቀን እኔን «አንተ ጎበዝ ልጅ ነህ» ብለውኝ፣ ባሌ ላይ ስንት ጊዜ ጉራ እንደነዛሁበት አልነግራችሁም።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው «ሞተርዎ እየነዘረን ነው» ለማለት ማን አፉን ይከፍታል? እኔ ምላሴ የማያርፍ ሴት ነኝ። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ባምባሲ አጠገብ የሰፈሩ ናቸው፤ እናቴ ስትቆጣ መንደሩ ሁሉ ይሰማ ነበር፣ እኔም የእሷው ልጅ ነኝ። አለቃዬን ፊት ለፊት የምናገር ሰው፣ ሐጂ ፊት ስደርስ ግን «እግዜር ይስጥልን» ብዬ ጀሪካኔን አንስቼ እሄዳለሁ። ይሉኝታ አሰረኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ነገ ደግሞ ውሃ ይሰጡኛል፣ ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ?

አንድ ቀን ሁለተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ጋ ጨው ልበደር ገባሁ። ቧንቧዋ ላይ ጨርቅ ጠምጥማ አስራለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ስለሚንጠባጠብ ነው አለችኝ። የእኔም ቧንቧ ላይ ያንኑ የመሰለ ጨርቅ ታስሮ ነበር። ነገር ሸተተኝ። በሰበብ በሰበቡ የሌሎቹንም ቤት እየገባሁ አየሁ። ሁሉም ጋ ጨርቅ አለ። አንዷ እንዲያውም ልጆቿ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ሳያደርጉ ወጥ ቤት ድርሽ እንዳይሉ ከልክላለች። ነዘረኝ ያለ ሰው ግን የለም። ሁላችንም እየተነዘርን፣ ሁላችንም እያመሰገንን እንኖር ነበር። ያን ቀን ደረጃውን ስወጣ፣ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሰው ይሞታል፣ ያልታወቀው ማን እንደሆነ ብቻ ነው ብዬ አሰብኩ። ማታ ልጄ እጇን ልትታጠብ ስትነሳ እየተሽቀዳደምኩ በጆግ አስታጥባት ጀመር።

ባሌ ሾፌር ነው። ማንኩሽ አካባቢ አሸዋና ጠጠር ያመላልሳል፤ ቤት የሚመጣው ፈቃድ ሲያገኝ ነው። ሲመጣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ነገርኩት። ቧንቧውን ነካ ነካ አድርጎ፣ ደም ማነስ ይዞሽ እንዳይሆን ብሎ ቀለደብኝ። ውሃ በሌለበት ሰዓት ነክቶ ምን ሊያገኝ ኖሯል? ማታ የሐጂ ሞተር ሲነሳ ዝም ብዬ ጠበቅኩት። እጁን ሊታጠብ ሄደና ከፈተ። ጣቶቹን አራግፎ መዳፉን አገላብጦ አየ።

«የብረት ስለሆነ ነው» አለ። «በፕላስቲክ እቀይረዋለሁ።»

ለሐጂ ንገራቸው፣ ሞተሩን የሚያውቅ ሰው ይይላቸው ብዬ ወተወትኩት። የመጣው ከሞተሩ እንጂ ከቧንቧው አይደለም፣ ፕላስቲክ ብታስርበት በውሃው በኩል መምጣቱን አይተውም አልኩት። ሽማግሌው ይቀየማሉ አለኝ። ደግሞስ ተቀይመው ሞተሩን ቢያቆሙት ውሃ ከየት ልታመጪ ነው? እሱ ያንን የተናገረው ጮክ ብሎ ሳይሆን በሹክሹክታ ነበር፣ ከታች የሚሰማብን ይመስል።

ቅዳሜ ጠዋት መብራት ሄደ። ረፋዱ ላይ ባሌ በባጃጅ ገበያ ደርሶ ነጭ የፕላስቲክ ቧንቧና ውሃ እንዳያንጠባጥብ በቧንቧው ጥርስ ላይ የሚጠመጠም ቴፕ ይዞ መጣ። ውሃ የለም፣ መብራት የለም፣ ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ይገኛል እያለ እጅጌውን ሰበሰበ። የቤታችንን ብሬከር ካላወረድክ አትነካትም ብዬ በሩ ላይ ተገተርኩ። አወረደው። መውረዱን ሲያሳየኝ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝና «ይኸው፣ እሜቴ መሐንዲሷ» አለኝ።

«ሞተሩስ?» አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። ነቅለው እንዲያስቀምጡት ጠይቃቸው ማለቴ እንደሆነ ገብቶታል። ነቅለው ያስቀምጡ ቢል ደግሞ ለምን ሊባል ነው፤ ለምን ከተባለ ሁሉም ነገር ሊወጣ ነው። በረንዳው ላይ ወጥቶ ወደ ታች ጎንበስ አለ። ሐጂ በራፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል።

«ሐጂ፣ ሞተሩ ጠፍቷል?»

«ጠፍቷል፣ ልጄ። ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል።»

ሰማሽ እንደማለት ቅንድቡን ወደ እኔ ከፍ አድርጎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አሮጌው ቧንቧ ዝጎ ግድግዳው ላይ ተጣብቋል። ባሌ ሲንኩ ሥር ተንበርክኮ፣ ሌላ ጊዜ አንድ እግሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ከመፍቻው ጋር ይታገላል። ዝገቱን ለማላላት ያፈሰሰው ውሃ ወለሉን አረጥቦታል። ሲሠራ ማፏጨት ይወዳል፤ እያፏጨ ነበር። እኔ ግን ልቤ አልወደደውም። አጠገቡ ቆሜ ያቺን አንዲት ቃል አፌ ውስጥ እያገላበጥኳት ነው። ጠፍቷል። መብራት ሲሄድም ጠፍቷል ነው የምንለው። ሰው በእጁ ሲያጠፋውም ጠፍቷል ነው። በግም ይጠፋል፣ ብርም ይጠፋል። ማን እንዳጠፋው ቃሉ አይናገርም። ባሌ የጠየቀው አጥፍተውታል ወይ ማለቱ ነው። ሽማግሌው ግን መብራት ስለሌለ ሞተሩ አይሠራም ማለታቸው ቢሆንስ?

«ማን አጠፋው?» አልኩት።

ምኑን አለኝ፣ ቀና ሳይል። ሞተሩን እሳቸው በእጃቸው አጥፍተውት ነው ወይስ መብራት ስለሄደ ነው አልኩት። ሥራ አታስፈቺኝ አለ። ቧንቧው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀርቷል፤ የቱቦው አፍ ክፍት ሆኖ ወደ እሱ ያፈጣል። ጠይቄ እስክመጣ እንዳትነካ ብዬ አስጠነቀቅኩት። እሺ አለ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ በሚል ሰው ድምፅ።

ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ ከተዘጋ በር ኋላ ሬዲዮ መናገር ጀመረ። ወዲያው የሕፃናት ድምፅ ከየቤቱ «መጣ» ሲል ተሰማ። ከሥር ደግሞ የሞተሩ ድምፅ ተነሳ። ውሃና መብራት አንድ ላይ ሲመጡ በእኛ ሕንፃ ደስታው ሌላ ነው፤ በሮች ተከፈቱ፣ ባልዲ ተንኳኳ። እኔ ደረጃው መሃል ቆሜ ወደ ላይ ጆሮዬን ቀሰርኩ። ባሌ ውሃ ፊቱ ላይ ቢረጨው ይሳደባል። ዕቃ ከእጁ ቢወድቅ ይሳደባል። አልተሳደበም። ፉጨቱም የለም።

ወደ ላይ ብሮጥና ብይዘው ሁለታችንም እንደምንቀር አውቃለሁ። ወደ ታች ሮጥኩ።

የሐጂ በር እንደ ወትሮው ክፍት ነው። ገና ደፉን ስረግጥ ምንጣፋቸው ላይ ቆመው ሲሰግዱ አየኋቸው። የሞተሩ ገመድ የተሰካበት ሶኬት ፊታቸውን ባዞሩበት ግድግዳ ላይ ነው፤ እዚያ ለመድረስ በእሳቸውና በግድግዳው መሃል ማለፍ ግድ ነው። የእናቴ ዘመዶች ግማሾቹ ሙስሊሞች ናቸው። በሚሰግድ ሰው ፊት እንደማይታለፍ ከልጅነቴ ጀምሮ ተቆጥቼ የተማርኩት ነው። እና ቆምኩ። ባሌ ላይ ያ ነገር እያለፈበት፣ እኔ እንደ ጨዋ እንግዳ ደፍ ላይ ቆምኩ። አጭር ጊዜ ነው፤ ግን ሳስበው እስከ ዛሬ ሰውነቴን ይወረኛል። ከዚያ በፊታቸው አልፌ ገመዱን በሁለት እጄ ነቀልኩት። ሞተሩ አቃስቶ ቆመ። ሐጂ ስግደታቸውን አላቋረጡም፣ ከንፈራቸው መንቀሳቀሱን አልተወም፤ ዓይናቸው ብቻ ገመዱን ተከተለ።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። ባሌ እርጥቡ ወለል ላይ በጎኑ ወድቋል፤ ከግድግዳው የሚወርደው ውሃ ትከሻውን ይመታዋል። መዳፉ የሆነ ነገር የጨበጠ ይመስል ተኮማትሮ ቀርቷል፣ ውስጡ ግን ምንም የለም። ስጠራው ዓይኑን ወደ እኔ ለማዞር ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

«እጄ አልለቅም አለኝ» አለ። «ልለቀው እየፈለግኩ እጄ አልለቅም አለኝ።»

እየሰደብኩት አለቀስኩ። ያልሰደብኩት ስድብ የለም። ጎረቤቶች መጥተው በብርድ ልብስ ተሸክመው አወረዱት፤ ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አስተኝቼው ሆስፒታል ደረስን። ልቡን ደጋግመው አዩት፣ የተቃጠለውን መዳፉን አጥበው ጠቀለሉት። ሐኪሙ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ብሎ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ወሬውን ወደ መድኃኒቱ አዞረ። የባሌ ትንሿ ጣት ዛሬም ሙቅና ቀዝቃዛ አትለይም፤ ረጅም መንገድ ከነዳ መሪውን የሚይዘው በሌላኛው እጁ ነው።

አመሻሹ ላይ ስንመለስ ሐጂ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። የሕንፃው ሰው ሁሉ ወጥቷል፤ አንዳንዱ ደረጃው ላይ፣ አንዳንዱ በራፉ ላይ ቆሟል። ሞተሩ ከነገመዱ ተነቅሎ ውጭ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሐጂ የባሌን የተጠቀለለ እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ገልበጥ አድርገው አዩት። ይህ ነገር መቼ እንደጀመረ ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ምላሴ ተፈታ። ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ እንደሆነ፣ እኛን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ቤት እንደሚነዝር፣ ሕፃናቱን ሳይቀር፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ሐጂ ቀና ብለው ደረጃው ላይ የቆመውን ሰው አንድ በአንድ ተመለከቱ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

«ለምን ማንም አልነገረኝም?»

ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ የነጠላዋን ጫፍ እያፍተለተለች፣ «አክብረንዎት ነው፣ ሐጂ» አለች።

«አክብራችሁኝ ነፍሰ ገዳይ ልታደርጉኝ?» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ወላሂ፣ እኔ ውሃ የምሰጥ መስሎኝ ነበር።»

የባሌን እጅ ለቀቁት። ለመነሳት ሞክረው ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ ከላይ፣ ከሦስተኛው ይሁን ከአራተኛው ፎቅ፣ አንዲት ሴት ቀስ ብላ ጠየቀች።

«ታዲያ ዛሬ ውሃ አይኖርም ማለት ነው?»

ደሜ ፈላ። ባሌ እጁ በፋሻ እንደተጠቀለለ አጠገቤ ቆሞ፣ ሽማግሌው እንደዚያ ሆነው፣ ውሃ? ልሰድባት ወደ ላይ ዞርኩ፤ አፌን ከፈትኩ። ቤቴ ያለው ጀሪካን ባዶ ነው። ወጥ ቤቱ ጭቃ ሆኗል፣ ልጄ ከጠዋት ጀምሮ አልታጠበችም፣ የባሌ ቁስል በንጹሕ ውሃ ይጠረግ ተብያለሁ። አፌን መልሼ ገጠምኩት። እንደ ሌሎቹ ሁሉ እኔም ጸጥ ብዬ፣ ሐጂ ምን እንደሚሉ ለመስማት ጆሮዬን አቀናሁ።