የእትዬ ፔርሙዝ

የቀበሌ ታጣቂዎች ከሱቄ ደጃፍ የወሰዱኝ ረፋድ ላይ ነው። ቀበሌው ሴቶችን የሚያጉርበት ክፍል ድሮ ኮረሪማ የምገዛበት የቅመም መጋዘን ሆኖ አገኘሁት፤ ሽታው እንኳ አልለቀቀውም። ሴቶቹ እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ሰጡኝ። ከድካሜ የተነሣ መፍራትም አቃተኝ።

በበሩ ስንጥቅ ሥር፣ አየር ባለበት፣ አንዲት አሮጊት ቅመም ነጋዴ ተቀምጠዋል። ሁሉም እትዬ ይሏቸዋል። ልጃቸው በየቀኑ የአብሽ ውሃ በፔርሙዝ ታመጣላቸዋለች።

"ጠጪ፣ አንጀትሽን ያርስልሻል" ብለው በክዳኑ ቀዱልኝ። አብሽ ድሮም ያሳክከኛል፤ እጃቸውን መመለስ ግን ከበደኝ።

ሳልጨርሰው ከንፈሬ አበጠ፣ ገላዬ ሽፍ አለ፣ ጉሮሮዬ ጠበበ።

"ተስቦ ነው" አለች አንዷ። ሸሹኝ። እትዬ ግን እንዲያሽረኝ ብለው ሌላ ክዳን ቀዱ።

"እትዬ፣ እሱ እኮ ነው የሚገድላት" አለች ሕክምና ስትማር የተያዘች ልጅ።

"ሰባት ልጅ ያሳደግኩበት?"

ልጅቷ ቁጢጥ ብላ አስረዳች። "አይተላለፍም። ገላችን ውስጥ ዘብ የቆሙ ሴሎች አሉ። አብሹ በራቸውን ሲነካ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ ሴሉ ያጠራቀመውን ኬሚካል ሁሉ ይረጨዋል። የሚያሳብጣት የራሷ ገላ ነው።"

"ካልሲየም ወተት ውስጥ ያለው አይደል እንዴ?" አለች ተስቦ ነው ያለችው።

"እሱው። እዚያ ግን ትእዛዝ አድራሽ ነው።"

"አብሹ ምን አጠፋ?" እትዬ ናቸው።

"ምንም። ሰውነቷ ጠላት ብሎ መዝግቦታል።"

"ይግባኝም የለው?" አሉ እትዬ። አንዷ ሳቀች፤ ወዲያው በሩን አየችና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ዘቡን ሐኪም ስንለው "ነገ" አለ። እትዬ ከስንጥቁ ተነሥተው እኔን አስተኙበት። ትንፋሼ ቀስ እያለ ተመለሰ።

በማግስቱ ፔርሙዙ መጣ። መመለስ አይቻልም፤ ስንቅ ሳይነካ ከተመለሰ ቤተሰብ እስረኛው ተገድሏል ብሎ ነው የሚረዳው። ቃል መላክም ክልክል ነው። እትዬ ልጃቸው የደከመችበትን መድፋት አልሆነላቸውም፤ ፔርሙዙን ይዘው ከእኔ ወደሚርቀው የሽንት ባልዲው ጥግ ሄዱ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጠጡት። ከዚያ ከመጠጥ ውሃቸው ቀንሰው አፋቸውንና እጃቸውን ታጠቡና አጠገቤ ተቀመጡ። እስክፈታ ድረስ እንዲሁ አደረጉ።

እሳቸው አልተፈቱም።

ዛሬ ሱቃቸውን የያዘችው ልጃቸው ናት። ቅመም ልገዛ ስገባ ክንዴ ያሳክከኛል፤ ካልሲየሙ አሁንም ትእዛዙን ያደርሳል። በቀደም ሚዛኑ ላይ እንዳቀረቀረች "እማዬ አብሹን ትጠጣው ነበር?" አለችኝ።

"ጠብታ ሳያስቀሩ" አልኳት።

የት ቆመው ይጠጡት እንደነበር አልነገርኳትም።