የአሠልጣኙ ቀርከሃ

ባሌ ጎበዝ ነበር ስል፣ ባሏ የሞተባት ሴት ሁሉ የምትለውን የምል ይመስላል። ስለዚህ መጥፎውን አስቀድሜ ልናገር። ግትር ነበር፤ የሚያሙትን ሰዎች አቀርቅሮ ያልፋቸዋል፤ ለዚህም ዛሬም ድረስ አልፎ አልፎ እናደድበታለሁ። እጁ ግን እንደማንም ሰው እጅ አልነበረም። ይህን በደንብ ያየሁት ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ውስጥ ከአንድ ቪላ ጀርባ በተከራየናት ክፍል፣ ከመዳፍ ብዙም የማትበልጥ የፕላስቲክ ታንክ ሲሠራ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ባለቤቴ ሃምሳ አለቃ ሆኖ በሠራዊቱ ውስጥ ታንክ መንዳት ያስተምር ነበር። የት እንደሆነና ለምን እንደወጣን አልናገርም፤ በሞያሌ በኩል መውጣታችን ይበቃል። አንድም ወረቀት ይዘን አልወጣንም። ናይሮቢ ያለው አበሻ መጀመሪያ ሰላዮች ናቸው አለን፤ ቆየት ብሎ ደግሞ ባሏ አሻንጉሊት ይጫወታል አለ። ሁለቱንም ያስወሩት ሰዎች እነማን እንደሆኑ አውቃለሁ፤ እነሱም ራሳቸውን ያውቃሉ።

የአሻንጉሊቱ ነገር እንዲህ ነው። ፓርክላንድስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሕንዳዊ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ነበር። ለቡልዶዘር ነጂዎቹ አሠልጣኝ ይፈልጋል ሲባል ሰምተን ሄድን። እኔ አብሬ የሄድኩት እንግሊዝኛው የእኔ ስለነበረ ነው። ቢሮው ውስጥ በመስታወት ሣጥን የተደረደሩ ትንንሽ ታንኮችና የጦር መኪናዎች ነበሩ፤ ሁሉንም ራሱ ገጣጥሞ ራሱ የቀባቸው። ባለቤቴን በትዕግሥት አዳመጠው። ታንክም ሆነ ቡልዶዘር በሰንሰለት የሚሄድ ነው፣ አንዱን ያስተማረ ሌላውንም አያቅተውም አለ። ነገር ግን ነጂ ነኝ ብሎ መጥቶ ማሽን የገለበጠበት ሰው ብዙ ነበርና፣ ወይ አንድ ወረቀት ወይ ከባለቤቴ የተማረ አንድ ሰው እንድናመጣ ነገረን።

አንድ ሰው ነበረ። ሩንዳ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር የሚኖር፣ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ትልቅ ወንበር የያዘ። ለአበሻው ሁሉ የሚናገረው በልጅነቱ ለትምህርት ውጭ አገር ሄዶ እዚያው እንደቀረ ነበር። እኔ የማውቀው ግን ዕጩ መኮንን ሳለ ነው። ከጓደኞቹ ሁሉ መንዳት የከበደው እሱ ስለነበር፣ ባለቤቴ አዝኖለት እሁድ እሁድ ቤታችን ያመጣው ነበር። በርጩማ ላይ ያስቀምጠውና ሁለቱን ማማሰያዎቼን በግራና በቀኝ እጁ ያስይዘዋል፤ ታንክ የሚመራው በሁለት ዘንግ ነውና። ከዚያ ከኋላው ቆሞ በቀርከሃ ትከሻውን ይነካዋል። ግራ ትከሻው ሲነካ የግራውን መሳብ፣ ቀኙ ሲነካ የቀኙን፤ ሁለቱም ሲነኩ ሁለቱንም ዘንግ እስከ ጎድኑ ስቦ ማቆም ነው።

ሜዳ ላይም የሚያስተምረው በዚያው ቀርከሃ ነበር። የመነጋገሪያው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ብልሽት ነው፣ የሞተሩ ጩኸት ደግሞ የሰው ድምፅ አያሰማም። የልጆቹ ትከሻ በለዘ ብሎ ሲነግረኝ፣ የቀርከሃውን ጫፍ በአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ ጠቅልዬ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ያ ሰው በእኔ ማማሰያ እየነዳ፣ ምሳዬንም እየበላ ፈተናውን አለፈ።

ሩንዳ ስንሄድ ማታቱው፣ የናይሮቢ ሚኒባስ ታክሲ፣ መንገድ ላይ አወረደን፤ የቀረውን በእግራችን ሄድን። ሰውየው በረንዳ ላይ ተቀብሎን ጭማቂ አቀረበልን። ባለቤቴ የሚፈልገውን ነገረው፤ ለአንድ ሽማግሌ የምትነገር አንድ ቃል ብቻ ነበረች። ሰውየው ብርጭቆውን እያየ፣ «ወንድሜ፣ ከሌላ ሰው ጋር ሳታምታታኝ አልቀረህም» አለ።

«ይሆናል ጌታዬ» አለው ባለቤቴ፤ ተነሥተን ወጣን። በመንገድ ላይ እኔ ያልኩትን እዚህ አልደግመውም። እሱ ግን ስለ ሰውየው ግቢ አበባ ነበር የሚያወራኝ።

ወደ ሽማግሌው ተመልሰን ምስክር አለማግኘታችንን ነገርነው። አልተቆጣም፣ አላፌዘም፤ ይቅርታ ብሎን ሊያሰናብተን ተነሣ። ባለቤቴ ግን ጥግ ላይ የተጣለች ካርቶን አይቷል። ውስጧ ያልተገጣጠመች ታንክ ነበረች፤ መድፉ ያለበት የላይኛው ክፍል ጠፍቶ ለመጣል የተቀመጠች። እንዲሰጠው በእኔ በኩል ጠየቀ። ሽማግሌው፣ መድፍ የሌላት ታንክ ምን ታደርግልሃለች ቢለው፣ እኔ ያስተማርኩባትም መድፍ አልነበራትም አለ። ሽማግሌው ካርቶኗን ሰጠውና፣ በቅርቡ እንደሱ ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ሥራቸውን በአንድ አዳራሽ እንደሚያሳዩ ነግሮት፣ ከጨረስካት ይዘሃት ና አለው። ከፊታችን ያለው ተስፋ ይኸው ብቻ ነበር።

ማሠልጠኛ ታንክ ምን እንደምትመስል የማያውቅ አንባቢ ይኖራል። መድፉ ተነሥቶ ክፍቱ በላሜራ ይደፈናል። በላሜራው ላይ የብረት አጥር ይቆማል፤ በአጥሩ ውስጥ የአሠልጣኙ ወንበር፣ ከኋላው ተራ የሚጠብቁ ተማሪዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ አለ። ነጂው ከፊት ለፊት፣ ከዝቅታው ጭንቅላቱን ብቅ አድርጎ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አልነበረንም፤ ጦር ሰፈር ውስጥ ካሜራ ማን ያስገባል? የነበረን የባለቤቴ ገላ ነው። ወንበራችን ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጥና እጁን ዘርግቶ አየር ይጨብጣል። «ብረቱ እዚህ ጋ ነው» ይላል። እኔ ከክርኑ እስከ ጭብጡ፣ ከጭብጡ እስከ ወለሉ በክር እለካለሁ። ክሩን በማስመሪያ ላይ ዘርግቼ ለሠላሳ አምስት አካፍላለሁ፤ ሞዴሏ ከእውነተኛዋ ሠላሳ አምስት ጊዜ የምታንስ ነበረችና። ስሌቱ የእኔ ነበር። ይህን የምጽፈው ማንም እስከ ዛሬ ስላልጠየቀኝ ነው።

አንድ ጊዜ በሌላ ቀን እንደገና ለካሁት፤ እጁ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። ክሩ የጣት ውፍረት ያህል እንኳ አልተለየም። እንደዚህ ያለ ሰው እንዴት ምስክር አምጣ ይባላል እያልኩ ብቻዬን ተናደድኩ።

አጥሩን ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ሠራው። ላሜራው የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ነበር፤ በምላጭ ቆርጦ፣ በመርፌ ጫፍ ከበስተጀርባው እየወጋ የብሎን ጭንቅላቶቹን አወጣቸው። እሁድ ረፋድ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ትንፋሹን ይዞ ሲሠራ አያለሁ። ለአሠልጣኙ ወንበር ስፖንጅ ሲቆርጥ በግራ በኩል ረገጥ አድርጎ አጎደጎደው። ለምን ብለው፣ ሁልጊዜ በግራ ተደግፌ ነው የምቀመጠው አለኝ። ቀለሙን ሲጨርስ የሰው እጅ የሚይዘውን የአጥር ክፍል ብቻ በእርሳስ ዱቄት አሽቶ አበራው፤ ብረት በእጅ ብዛት የሚያበራውን ዓይነት። በመጨረሻ ከመጥረጊያ ላይ አንድ ጭራሮ መዝዞ ለእኔ ሰጠኝ። ከብርድ ልብሳችን ጠርዝ አንድ ፀጉር የምታህል ክር አውጥቼ ጫፉ ላይ ጠቀለልኩለት። ቀርከሃውን በአሠልጣኙ ወንበር ላይ አጋድሞ አጣበቀው።

አዳራሹ ፓርክላንድስ ውስጥ ነበር፤ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሄድን። ጠረጴዛው ሁሉ የጦር ሜዳ ነበር፣ የእኛዋ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው አጉሊ መነጽሩን ይዞ መጣ። ከእሱ ጋር አንድ እንግዳ አብሮት ነበር። የሩንዳው ሰው ነው። ድርጅቱ መንገድ ስለሚያሠራ ሽማግሌው በክብር ጋብዞት ኖሯል። ሰውየው እኛን ሲያይ ፊቱ አልተለወጠም፤ ይህን ያህል ልምድ ነበረው።

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አጎንብሶ አየ። አጥሩን፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ በመነጽሩ ተከተለ። ቀርከሃዋ ላይ ሲደርስ ግን ቀና አለ። ይህ በመጽሐፎቹ ሁሉ ውስጥ እንደሌለ፣ ከራሳችን ፈጥረን ከሆነም ሞዴሉን እንዳበላሸነው በትሕትና ነገረን። ለባለቤቴ ተረጎምኩለት። ባለቤቴ ከጠረጴዛው ላይ እርሳስ አነሣ። ዞር ሲል በአጠገቡ ጀርባውን ሰጥቶ ሌላ ሞዴል የሚያይ የሚመስለው እንግዳው ነበር።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለና በእርሳሱ የሰውየውን ግራና ቀኝ ትከሻ ነካ፣ ነካ አደረገው።

የሰውየው ሁለት እጆች ተጨብጠው ወደ ጎድኑ ተሳቡ።

የማማሰያዎቼ አሳሳብ ነው። ክርኑን ወደ ውጭ ይከፍት የነበረው ጥፋቱ እንኳ አልለቀቀውም። ወዲያው እጁን ኮቱ ላይ አሳርፎ ቁልፍ እንደሚቆልፍ ሰው ሆነ። ሽማግሌው ግን ዕድሜውን ሙሉ የነጂ እጅ ሲመለከት የኖረ ሰው ነው። እንደገና ጎንበስ ብሎ ቀርከሃዋን አያት፤ ከዚያ ለባለቤቴ እጁን ዘረጋለትና፣ «ሰኞ ጠዋት ና፣ ምዋሊሙ» አለው። በስዋሂሊ አስተማሪ ማለት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሥራ ቦታው ሁሉ በሌላ ስም የጠራው የለም።

የሩንዳው ሰው በሳምንቱ ሳውዝ ሲ ድረስ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሃምሳ አለቃ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። አንተ ማለቱ ቀርቶ እርስዎ ሆኗል። ከሠራዊቱ ከድቶ እንደቀረ ከታወቀ አገር ቤት ያሉት አባቱ እንደሚታሰሩ ነገረን። እውነት ሊሆን ይችላል፤ አባት የታሰረበት ብዙ ሰው አውቃለሁ። ግን በዚያ በረንዳ ላይ ከሦስታችን በቀር ማንም አልነበረም። ለእኛ በጆሯችን ሊነግረን ይችል ነበር። ይህንኑ ነገርኩት። ባለቤቴ ለማንም እንደማይናገር ቃል ገባለት፤ ሻይም አፍዪለት አለኝ። አፈላሁ።

ባለቤቴ ቃሉን እስከ ሞተበት ቀን ጠበቀ። አባትየው ካረፉ፣ ደርግም ከወደቀ በኋላ እንኳ አንድ ቀን ከአፉ አልወጣም። እኔ እንደዚህ ያለ ሰው አይደለሁም፤ እሱ እንደነበረ ግን ምስክር ነኝ።

ለቅሶው ላይ ያ ሰው መጥቶ ነበር፣ ሸምግሏል። ከሟች ጋር እንዴት እንደተዋወቁ አንዱ ሲጠይቀው፣ ናይሮቢ ነው አለ፣ በአንድ የሞዴል ትርዒት ላይ። እኔ ከበስተኋላው ተቀምጬ ሰማሁት። ቃል የገባው ባሌ ነው፤ እኔን ቃል ያስገባኝ የለም። ስሙን ያልጻፍኩት ለባሌ ስል ብቻ ነው።

ለመሰናበት ሲነሣ መደርደሪያው ጋ ደረሰ። ትንሿ ታንክ እዚያ ናት፤ ቀርከሃዋም እስከ ዛሬ ከወንበሩ ላይ አልተላቀቀችም። ሰውየው ቆሞ አያት። ከዚያ ሁለት እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ።